ክሩገር ፓርክ ራሳችን እያበሰልን እንደር ወይስ ምግብ የሚያቀርብ ሎጅ እንያዝ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ጅማ ሂርማታ ነው የምኖረው፤ መምህርት ነኝ። ጆሃንስበርግ የሚሠራው ወንድሜ እማዬን፣ እኔንና ሁለት ልጆቼን ክሩገር ፓርክ ሊወስደን አስቧል፤ ከሐምሌ 20 ጀምሮ አራት ሌሊት። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ልጆቹ 9 እና 4። ወንድሜ ‹ሰልፍ ካተሪንግ እንያዝ፤ ዋጋውም ይቀላል፣ ሐላላችንንም ራሳችን እናበስላለን› ይላል። እኔ ግን አውሬ መሀል ድስት ጥዶ ማደር አስፈራኝ። ምግብ የሚቀርብበት ሎጅ ይሁን እያልኩት ነው። የቱ ይሻለናል? ራሳችን የምናበስል ከሆነስ ምን ይዘን እንሂድ?»

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ላስከትል፤ ወንድምዎ ልክ ነው፣ ለእናንተ ሰልፍ ካተሪንጉ ይሻላል። ግን አንድ ያልነገረዎት ነገር አለ። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዓመታት ቤተሰብ ይዤ ክሩገር ተመላልሻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንዳየሁት የቤተሰብን ጉዞ የሚያበላሸው አንበሳ አለመታየቱ አይደለም። የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የወጥ ቤቱ ነገርና የበሩ ሰዓት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ የምጽፍልዎት ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

በእኛ ሀገር ፓርክ ስንገባ ስካውት ይመደብልናል። ከጅማ ብዙም በማይርቀው፣ ኮንታና ዳውሮ መካከል ባለው ጨበራ ጩርጩራ ዝሆን ለማየት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጠመንጃ ያነገተ የፓርኩ ሰው ከፊት ይመራል፤ «ቁሙ» ሲል ይቆማል፣ «ተመለሱ» ሲል ይመለሳል። ክሩገር እንደዚያ አይደለም። በር ላይ ተመዝግባችሁና ከፍላችሁ በራሳችሁ መኪና ትገባላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከፊታችሁ የሚሄድ ሰው የለም። ሰልፍ ካተሪንግ ሲሆን ደግሞ ማታ «ራት ቀርቧል» ብሎ የሚጠራችሁም የለም። የስካውቱም የወጥ ቤቱም ሥራ እናንተ ላይ ያርፋል። ነፃነቱም ኃላፊነቱም ከዚህ ነው የሚመጣው።

አውሬ መሀል ስለማደሩ ልጀምር፤ ስጋቱ ተገቢ ስለሆነ። የምታድሩት ሜዳ ላይ አይደለም። የፓርኩ ዋና ዋና ካምፖች ዙሪያቸው የታጠረ ነው፤ ውስጣቸው ቤቶች፣ ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ምግብ ቤት አለ። ዝሆንና ጎሽ፣ አንበሳም ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ሌሊት የአንበሳ ድምፅ ትሰሙ ይሆናል፤ ሥጋ ሲጠበስ ደግሞ ጅብ አጥሩን ታክኮ ሲመላለስ በባትሪ ብርሃን ዓይኑ ያበራል። ልጆቹን ከወዲሁ ይንገሯቸው፤ አጥሩ አጠገብ አይቆሙም፣ አጥንት አይወረውሩም። ሐረር ላይ ጅብ ሲበላ አይተው ከሆነ እዚያ ያው ነው ብለው እንዳያስቡ። ክሩገር ውስጥ ማንኛውንም እንስሳ መመገብ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ወይም ጅብ ውሎ አድሮ ሰው ላይ ይደፍራል፣ መጨረሻውም በፓርኩ ሰዎች ጥይት ነው። ልጆች ይህ ሲነገራቸው በጣም ይገባቸዋል፤ ከትልልቆቹ ይልቅ እነሱ ይጠነቀቃሉ።

አሁን ወደ ቤቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሰልፍ ካተሪንግ» ማለት «ምግብ አናቀርብም» ማለት እንጂ «የተሟላ ወጥ ቤት አለው» ማለት አይደለም። ርካሹ ጎጆ መኝታ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ ከሌሎች ጋር በጋራ፣ ማብሰያውም በጋራ ወጥ ቤት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እናትዎን በብርድ ደጅ አስወጥቶ ሽንት ቤት መውሰድ ምን እንደሚመስል ያስቡት። ባንጋሎው የሚሉት የራሱ መታጠቢያ አለው፤ ግን አንዱ ምድጃና ዕቃ ሲኖረው ሌላው ፍሪጅ ብቻ ይዞ ይጠብቃችኋል። የሸራ ድንኳኖቹ ያምራሉ፤ ነገር ግን ማብሰያቸው ደጅ ነው፣ የሐምሌ ሌሊትም እዚያ ይበርዳል። ለእናንተ የምመክረው ፋሚሊ ኮቴጅ የሚባለውን ነው፤ ከአንድ በላይ መኝታ ክፍል፣ በር የሚዘጋበት ወጥ ቤት፣ የራሱ መታጠቢያ። ዋጋው ከጎጆው ከፍ ይላል፤ ለአምስት ሰው ሲካፈል ግን ምግብ ከሚያቀርቡት የግል ሎጆች ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ እጅግ ያነሰ ነው። አንሶላና ፎጣ ያቀርባሉ። ወንድምዎ ከመክፈሉ በፊት የቤቱን ዝርዝር ቃል በቃል ያንብብ፤ ምድጃ፣ ድስት፣ ሳህን የሚሉት ተጽፈው ካልተገኙ የሉም ብሎ ይቁጠር። ቦታው እስከ 11 ወር ቀደም ብሎ ስለሚያዝ ኮቴጆቹ ቶሎ ያልቃሉ፤ ዛሬ ነገ አይበል።

ሌላው ወንድምዎ ሊያሰላው የሚገባው፣ ከማደሪያው ሌላ በነፍስ ወከፍ በየቀኑ የሚከፈል የፓርክ ክፍያ አለ። ለደቡብ አፍሪካ ዜጋና ነዋሪ ዝቅተኛ ነው፣ ለውጭ ጎብኚ ደግሞ ከፍተኛ። የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ወረቀቱን በእጁ ይያዝ። እናንተ ግን የውጭውን ነው የምትከፍሉት።

የት ካምፕ? ክሩገር 19,485 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ መላው ጅማ ዞን ገብቶበት ይተርፋል። ከደቡብ ጫፉ እስከ ሰሜን ጫፉ ያለው 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ከጅማ አዲስ አበባ እንደመሄድ ነው። ልዩነቱ፣ አስፋልቱ ላይ ከፍተኛው ፍጥነት 50፣ ጠጠር መንገዱ ላይ 40 መሆኑ ነው። እንስሳ እያዩ፣ እየቆሙ፣ ልጅ ውሃ እያጠጡ ሲሄዱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብለው ያስሉ። «በአራት ቀን ፓርኩን እናዳርሳለን» የሚል ዕቅድ ካለ ወንድምዎ ይሰርዘው።

አራቱንም ሌሊት አንድ ካምፕ እደሩ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ካምፕ በለወጡ ቁጥር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቤቱን ለቅቃችሁ፣ ቀጣዩን የምትረከቡት ቀን 8 ሰዓት ነው። በመሀል ሥጋው፣ ወተቱ፣ እንጀራው መኪና ውስጥ ፀሐይ ይመታዋል፤ ለእንስሳ ምርጥ የሆነው የማለዳ ሰዓትም ዕቃ ሲታሰር ያልፋል። የእኔ ምርጫ ሎወር ሳቢ ነው፤ ሳቢ ወንዝ ዳር ላይ ያለ ካምፕ ነው። ሐምሌ እዚያ በጋ ነው። እኛ ጅማ ላይ ዝናብ ሲጥልብን እዚያ ሣሩ ደርቆ፣ ቅጠሉ ረግፎ፣ እንስሳው ሁሉ ውሃ ፍለጋ ወንዙ ዳር ይሰበሰባል። እናትዎ ከመኪና ሳይወርዱ፣ አንዳንዴም ከካምፑ ሳይወጡ ዝሆን ውሃ ሲጠጣ ያያሉ። ከካምፑ በር አጠገብ ሰንሴት ዳም የሚባል ኩሬ አለ፤ ጉማሬው ጀርባውን ብቻ አውጥቶ ይንሳፈፋል፣ አዞው አሸዋ ላይ ይሞቃል። ለ4 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ከሎወር ሳቢ ስኩኩዛ 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱን ቀን ለዚያ መንገድ ይስጡት። ስኩኩዛ ትልቁ ካምፕና የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሐኪምም አለ። ስሙ የመጀመሪያው የፓርኩ ጠባቂ የጄምስ ስቲቨንሰን-ሃሚልተን ቅጽል ስም ነበር፤ በፈረንጆቹ 1902 ሥራውን ሲጀምር አካባቢውን ስለገለባበጠው የጾንጋ ሕዝብ «ጠራርጎ የሚያጸዳ» እንደማለት ብሎ የሰየመው ነው። ሰዎቹን ከመሬታቸው ያስነሳ ሰው እንደነበርም ስሙ ያስታውሳል። ዛሬ በውበቱ የምናደንቀው መሬት የሰው ቀዬ እንደነበር ልጆቹ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

አሁን የበሩ ሰዓት። ይህን አንቀጽ ለወንድምዎ በቀጥታ ይላኩለት። ክሩገር ውስጥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በግል መኪና መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ነው፤ ቅጣት አለው። በፈረንጆቹ ጁላይ የካምፑ በር በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። በኦገስት መዝጊያው 12 ሰዓት ይሆናል። ኦገስት 1 የሚውለው ሐምሌ 25 ነው፤ ሐምሌ 20 የምትጀምሩት ስለሆነ አራቱም ሌሊት በ11 ሰዓት ተኩሉ ናችሁ። በዚያ ላይ ደቡብ አፍሪካ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አባት በፈረንጅ ሰዓት፣ አያት በሐበሻ ሰዓት፣ የአያት የእጅ ሰዓት ደግሞ በአዲስ አበባ ሰዓት ሲቆጥሩ አይቻለሁ፤ በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ገና 20 ኪሎ ሜትር ይቀራቸው ነበር። ልጆቹ የኋላ ወንበር ላይ እያለቀሱ፣ ሹፌሩ በ50 መንገድ 80 እየነዳ፣ በድንገት ከቁጥቋጦው የወጣ ዝሆን ፊት ሲቆም ማየት አልመኝላችሁም። እንደደረሳችሁ የሁላችሁንም ሰዓት አንድ ላይ አስተካክሉ።

ከጆሃንስበርግ ክሮኮዳይል ብሪጅ በር ድረስ አምስት ስድስት ሰዓት ያስነዳል፤ ከበሩ ሎወር ሳቢ ሌላ 34 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቀን 9 ሰዓት ሳያልፍ ድረሱ። ከአውሮፕላን ወርዶ በዚያው ቀን ወደ ፓርኩ መንዳት አይታሰብ፤ አንድ ሌሊት ጆሃንስበርግ እደሩ። ያቺ ሌሊት ለምግቡም ትጠቅማችኋለች።

ምግቡን በተመለከተ፣ የሐበሻ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ሁሉንም ከቤት መጫን ነው። አይጫኑ እህቴ። ቅቤ፣ ቋንጣ፣ ማር፣ ጥሬ ሥጋ ያለ ፈቃድ ደቡብ አፍሪካ አይገባም፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል። የሊሙን ቡና ከያዙም ጥሬውን ሳይሆን ተቆልቶ የተፈጨውን ይሁን። ሌላው ሁሉ እዚያው አለ። ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ሐበሻው «ጄፒ» በሚለው መንገድ ላይ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጀበና ሳይቀር ይሸጣል። ሐላል ሥጋ ደግሞ ፎርድስበርግ የሚባለው ሰፈር ሞልቷል።

እኔ ለቤተሰቦች የማዘጋጀው እንዲህ ነው። ጆሃንስበርግ በምታድሩባት ሌሊት ቁሌቱን አብስሉ። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ በደንብ ከተቁላላ በኋላ ቀዝቅዞ ለአንድ ቀን በሚበቃ መጠን በፌስታል እየተከፈለ ፍሪዘር ይግባ። ሥጋውም እንዲሁ፣ በየቀኑ መጠን ተከትፎ። በማግስቱ በረዶ ሆኖ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይጫናል፤ አምስት ሰዓት መንገድ አይጎዳውም። ማታ ካምፕ ስትደርሱ ቁሌቱን ድስት ውስጥ ማቅለጥ፣ ሥጋውን ወይም እንቁላሉን ጨምሮ ማንተክተክ ብቻ ነው የሚቀረው። ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ የዋለች ሴት ሽንኩርት ስታቁላላ ማምሸት የለባትም። ይህን ያላደረጉት ሦስተኛው ቀን ላይ ፓስታ በቲማቲም ሲበሉ፣ ሌላውን ደግሞ በውድ ሲገዙ ነው የማያቸው።

እንጀራው ሌላ ጠባይ አለው። ጅማ ላይ የምንፈራው ሻጋታን ነው፤ እዚያ ሐምሌ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ግማሽ ቀን ክፍት ካደረ እንደ ወረቀት ይሰባበራል። በላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት የሚሆነውን ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘው የመጡ አይቻለሁ፤ የኮቴጅ ሶኬት ይህን ጉልበት እንዲሸከም አልተሠራም፣ መብራቱን ጥሎ ሰፈሩን ያጨልመዋል። የሶኬቱ ቅርጽም ከእኛ ይለያል፤ ሦስት ወፋፍራም ክብ እግር ያለው ስለሆነ ለስልክ ቻርጀር አዳፕተር ያስፈልጋችኋል።

ቁርስ ካምፕ ውስጥ አትሥሩ። በሩ 12 ሰዓት ሲከፈት መኪናው በሩ ላይ መሆን አለበት፤ ነብርም አንበሳም የሚታዩት ፀሐይ ሳትከር ነው። ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይዛችሁ ውጡ። ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳልና የእናትዎ ጋቢ መኪና ውስጥ ይሁን። 3 ወይም 4 ሰዓት ሲሆን ከመኪና መውረድ ከተፈቀደባቸው የሽርሽር ቦታዎች በአንዱ ቁርስ ትበላላችሁ። ከእነዚህ ቦታዎችና ከካምፕ በቀር ከመኪና አይወረድም፤ «አንዴ ፎቶ» ተብሎም ቢሆን። ዙህርን ለመስገድም ጊዜውን ከእነዚህ ጋር አጣጥሙት፤ መንገደኛ ስለሆናችሁ አሳጥሮ ማጣመሩ አለላችሁ። ቂብላው ከጅማው ብዙም አይለይም፣ ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል።

ሐላሉን በተመለከተ ወንድምዎ ያላሰበው ሳይሆን አይቀርም ብዬ የምገምተው ፍርግርጉ ነው። በየቤቱ ደጅ የሥጋ መጥበሻ አለ፤ ብራይ ይሉታል። ከእናንተ በፊት ያደረው ሰው ምን እንደጠበሰበት አይታወቅም፤ የሀገሬው ቋሊማ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። የቤቱ ድስትና መጥበሻም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ፍርግርግ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ቢላዋና መክተፊያ ከጆሃንስበርግ ገዝታችሁ ያዙ፤ ብዙ ብር አይደለም። እናትዎ «ዕቃው ታጥቧል?» እያሉ አራት ቀን ሳይበሉ ከሚቀሩ ይህ ይሻላል። ከሰልና እንጨት ካምፑ ሱቅ ይሸጣል፤ ከጫካው ጭራሮ መልቀም ግን አይፈቀድም።

አሁን ወደ ጦጣው ልምጣ፤ ከአንበሳ ይልቅ የማስጠነቅቅዎ ስለ እሱ ነው። ጅማ ያደገ ሰው ጦጣና ጉሬዛ እያየ ስላደገ ይንቃል። ስኩኩዛና ሎወር ሳቢ መካከል፣ ንኩህሉ በሚባለው የሽርሽር ቦታ፣ አንድ ቤተሰብ ይዤ ቁርስ ቀርቦ ነበር። ወንዙ ዳር፣ ትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አንዲት ጦጣ ከፊታችን ግንዱ ላይ ልጇን አቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ እሷን እያዩ ነው። በዚያው ቅጽበት ሌላው ከኋላ በጠረጴዛው ሥር መጥቶ ድፎ ዳቦውን በሁለት እጁ ያዘ። አያትየዋ በደመ ነፍስ ዳቦውን መልሰው ጎተቱ። ጦጣው አልለቀቀም፤ ጥርሱን አሳይቶ የእጃቸውን ጀርባ ቧጠጠው። ሦስት ቀጭን መስመር፣ ደሙ ነጠብጣብ ብቻ። «ምንም አይደለም፣ ዳቦው ነው የሚያሳዝነው» ሲሉ አስታውሳለሁ። እኔ ግን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አሳጥቤያቸው ቀጥታ ስኩኩዛ ሐኪም ዘንድ ነዳሁ፤ የዱር እንስሳ ንክሻና ቡጭሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ክትባቱ መጀመር ነበረበት። የዚያ ቀን ጉብኝት እዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፤ ምግብ ሲቀርብ አንድ ትልቅ ሰው አይበላም፣ ቆሞ ዙሪያውን ይጠብቃል። ጦጣ የያዘውን ማንም አይቀማም፤ ዳቦም ይሁን ስልክ ይለቀቅለታል። ሕፃን ልጅ ብስኩት ይዞ አይንቀሳቀስም። ካምፕ ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ ቤት ፍሪጁ በረንዳ ላይ ነው፤ መቀርቀሪያው ወይም የሽቦ በሩ የተሠራው ለጦጣና ለዝንጀሮ ስለሆነ ለአንድ ደቂቃም ሳይዘጋ አይተው። መስኮት ከፍቶ መውጣት አይቻልም። ቆሻሻ ሌሊት ደጅ አይቀመጥም።

ቡናውስ? ይፈላል እንጂ! ጀበናው ምድጃ ላይ በዝቅተኛ እሳት ይፈላል፤ ወይም ደጅ ብራዩ ላይ። ከሰል ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይገባም፤ ብርድ ነው ተብሎ በር ተዘግቶ ከሰል የተቀመጠበት ክፍል ሰው ይገድላል። ጣሪያው ብዙ ጊዜ ሣር ነው፣ ወቅቱም ደረቅ ስለሆነ እሳቱን ከቤቱ አርቃችሁ አንድዱ፣ ፍሙን ውሃ አፍስሳችሁበት ግቡ። ማታ ቡናው እየተጠጣ በባትሪ ዛፎቹ ሥር ብታዩ፣ ዕድል ከቀናችሁ ጥርኝ ታያላችሁ። በእኛ አካባቢ ለዝባዱ ሲባል በቅርጫት ታስሮ የኖረውን እንስሳ እዚያ በነፃነት ሲራመድ ሳየው ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ልጆቹን በተመለከተ፣ የፓርኩ ሰዎች በትልልቅ ክፍት መኪና የማታ ጉዞ ያዘጋጃሉ፤ ከጨለመ በኋላ ውጭ ለመሆን ብቸኛው መንገድ ይኸው ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አይሳፈርም። ስለዚህ ትንሹ ከአያቱ ጋር ካምፕ ይቀራል፤ ትልቁን እርስዎ ወይም ወንድምዎ ይውሰዱት። ትንሹ «እኔስ?» እንዳይል ከወዲሁ ሌላ ነገር ያዘጋጁለት።

ወንድምዎ ሲነዳ ዝሆን ካጋጠመ ሁልጊዜ ከኋላው ወይም ከጎኑ መውጫ ይተው፤ መኪና ከፊትም ከኋላም ሲከበብ ነው አደጋው። ጆሮውን ዘርግቶ ራሱን ከነቀነቀ ሩቅ ሁኑ ማለቱ ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ። ዓይኑና ጆሮው መሀል ጉንጩ ላይ የሚወርድ እርጥብ መስመር ያለው ወንድ ዝሆን ከታየ ደግሞ ቆሞ ማየትም አያስፈልግም፤ በዚያ ወቅት በጣም ቁጡ ነው።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ቪዛው ጊዜ ይወስዳል፣ ቀድመው ይጀምሩ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተወግታችሁ ቢጫውን ካርድ ያዙ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ አባታቸው አብሮ የማይሄድ ከሆነም የጽሑፍ ፈቃዱን ይያዙ። ክሩገር የወባ አካባቢ ነው። ሐምሌ ላይ ስጋቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ለትንሹና ለእናትዎ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪም ያማክሩ፤ ምሽት ላይ ረጅም እጅጌና የትንኝ ቅባት አይቅር። ጅማ ተመልሳችሁ ትኩሳት የያዘው ካለ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የመጨረሻው ቀን። ያልበሰለ ሥጋ ከፓርኩ ይዞ መውጣት አይቻልም፤ ጎሾቹ የአፍና እግር በሽታ ስለሚይዙ በር ላይ መኪና ይፈተሻል። የቀረውን ሥጋ ሁሉ በአራተኛው ሌሊት ጥበሱትና ለቁርስ የሚሆነውን አስቀሩ። ዕቃው ታጥቦ ቤቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። እኔ ብሆን ግን 12 ሰዓት ላይ ጀበናውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ዕቃውን ማታ ጭኜ አሳድሬ፣ እናትዎን ለመጨረሻ ጊዜ ሰንሴት ዳም አጠገብ መኪና ውስጥ አስቀምጬ ጉማሬዎቹን አሳያቸው ነበር። ከበሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።